ዘጠነኛው ላይ የበቀለው ሣር

«ጅቡቲ ውስጥ ጎልፍ? በየትኛው ሣር?» ይሉኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ አንድ ካፌ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ ምን ስሠራ እንደኖርኩ የሚጠይቀኝ ሐበሻ ሁሉ መጨረሻው ይቺ ጥያቄ ናት። አልቀየምም። የመጀመሪያ ቀን ሜዳው በር ላይ ስቆም እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከፊቴ ያለው አሸዋ፣ እሾህ ቁጥቋጦ፣ አንድ የሚያመነዥክ ግመል፣ እዚህም እዚያም የተተከለ ባንዲራ። ባንዲራው ባይኖር ኖሮ አድራሻ ተሳስቼ ነው ብዬ እመለስ ነበር።

ባለፈው ወር እኔን የተካው ባለሙያ ካፌው ድረስ መጣና እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ አሳየኝ። ውሃ ውስጥ ሲነክሯት የጨዉን መጠን በቁጥር ታወጣለች። ወላሂ ልቤ ጠፋ! ሻዬ ውስጥ ነከርናት። የአስተናጋጁ የወለል መጥረጊያ ባልዲ ውስጥ ነከርናት። «ምራቄን ልሞክር» ስለው ነው ነጥቆኝ ኪሱ የከተታት። እኛ ለዚህ ሥራ የነበረን መሣሪያ ምላስ ነበር። ቤቴ ስገባ ስለዚያ ምላስ፣ ስለ ባለቤቱና እኔ ስላጠፋሁት ጥፋት ልጻፍ ብዬ ወረቀት ፈለግሁ።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አጎቴ እዚህ «ካርቲዬ ሁለት» በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ንግድ ልማር ብዬ ነው በባቡር የወረድኩት። አልሆነልኝም። አንዷ ደንበኛ ሽፎን ስትጠይቀኝ እኔ ጨርቁ ከምን እንደሚሠራ፣ ቀለሙ ለምን እንደማይለቅ እጠይቃታለሁ። አጎቴ «አቦ፣ አንተ ልጅ ሽጥ እንጂ አትመርምር!» እያለ አንድ ዓመት ቻለኝ። ከዚያ የሚያውቀው የጎልፍ ክለብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ገፍቶ ላከኝ። ደሞዙ ያስተዛዝባል፤ እሱን እንተወው።

ክለቡን የሚያስተዳድረው አለን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ «አቶ» ለማለት ሙሴ አለን እንለዋለን። መሬቱን የሚያስተዳድሩት ግን ጋሽ ሁመድ ነበሩ። አፋር ናቸው፤ አባታቸው ከአሳል ሐይቅ ጨው ቆርጠው በግመል የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው አብረው ሄደዋል። አማርኛቸውን የለመዱት በኋላ ባቡር ላይ ሲሠሩ ነው። ድሬ ውስጥ አባቴንም «አንተ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እሳቸውን ባየሁ ጊዜ ግን አፌ በራሱ «እርስዎ» አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝም ያሉ ሰው። ሥራ ካላሳዩ በቀር አይናገሩም።

ያኔ ሜዳችን ላይ አንድ ቅጠል ሣር አልነበረም። ተጫዋቾቹ ምንጣፍ የምታክል የፕላስቲክ ሣር ይዘው ይዞራሉ፤ ኳሷን እሷ ላይ አስቀምጠው ይመታሉ። ባንዲራው ያለበት፣ ኳሷ ወደ ጉድጓዷ የምትንከባለልበት ክብ ቦታ ግሪን ይባላል። ስሙ ግሪን ነው እንጂ መልኩ ጥቁር ነው፤ አሸዋ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ለውሰን ነበር የምንሠራው። ዘይቱ ከበዛ ኳሷ ትጣበቃለች፤ ካነሰ ነፋሱ አሸዋውን ይዞት ይሄዳል። ጋሽ ሁመድ ልኩን የሚያውቁት በመዳፋቸው ነው። አንድ ጭብጥ ይጨብጣሉ፤ ይለቁታል። የጣቶቻቸው ቅርጽ ሳይፈርስ ከቆመና መዳፋቸው ካልጠቆረ፣ በቃ፣ ልክ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ክለቡ ይዘጋል። ሙቀቱ ሰው አያስጠጋም፤ ፈረንጆቹም ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። የእኛ ዋና ሥራ ታዲያ ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው። ዘጠኙንም ግሪን ቆፍረን አሸዋውን እናወጣለን፤ በወንፊት እናበጥራለን። ከወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ማየት እንዴት እንደምወድ! የፍየል በጠጥ፣ እሾህ፣ የጫት ፌስታል፣ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ጊዜ የሰው ጥርስ። ከዚያ በአዲስ ዘይት ለውሰን፣ ክር ዘርግተን፣ በብረት እየጎተትን ደልድለን እንጠቀጥቀዋለን። በነጋታው ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ይነሳና ግማሹን ያበላሽብናል። እንደገና እንጀምራለን። እኔ ስበሳጭ ጋሽ ሁመድ «ነፋሱም ሥራው ነው» ብለው ወንፊቱን ያነሳሉ።

የውሃ ጉድጓዳችን ከባሕሩ አይርቅም። ሜዳው ዙሪያ ላሉት ዛፎችና አጠገባችን ላለችው የሙሴ አለን ቪላ የምንጠቀመው ከዚያው ነው። ጋሽ ሁመድ በየቀኑ ፓምፑ ሲነሳ በእጃቸው ቀድተው ይጎነጫሉ፤ አፋቸው ውስጥ ያዞሩታል፤ ይተፉታል። ከዚያ የቦታ ስም ይጠራሉ። ጥሩ ከሆነ «አርታ» ይላሉ፤ ተራራው ላይ ያለችው ቀዝቃዛ ከተማ ናት። መካከለኛ ከሆነ «አምቡሊ»፤ የከተማው የጉድጓድ ውሃ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ከበዛበት «አሳል» ይሉና ፓምፑን ይዘጉታል። «ባሕሩ ከታች ነው ያለው» አሉኝ። «አንተ ውሃ በሳብክ ቁጥር ይመጣል። አንድ ሰዓት ሳብ፣ ሦስት ሰዓት አሳርፍ።» እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ። የቱ ጋር ነው የሚገናኙት? ጨው ለምን ከታች ይሆናል? ዝናብ ሲዘንብስ? የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን «እሱን ቆፍረህ እይ» ይሉኛል። እንዲህ እያልን አምስት ስድስት ክረምት አለፈ፤ ምላሴም የእሳቸውን ያህል ሆነ ባይባልም አምቡሊን ከአሳል መለየት ቻለ።

ከመጋዘኑ ጀርባ በወተት ዱቄት ጣሳ ሣር ያሳድጉ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለችው አገራቸው ታጁራ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ ግመል የሚግጠው፣ ጨው መሬት ላይ የሚበቅል አጭር ሣር ነው። ለዓመታት አንድ ሥር እየነቀሉ አምጥተው፣ እያባዙ፣ እያጠፉ፣ እንደገና እያመጡ። አንድ ግሪን በሣር የተሸፈነ ማየት ይፈልጋሉ። ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሙሴ አለን ስንት ጊዜ ስቆባቸው በመጨረሻ እሺ አለ። ዘጠነኛው ግሪን ለእሳቸው ተሰጠ። ውሉ ግልጽ ነው፤ ሜዳው ጥቅምት ላይ ሲከፈት ሣሩ ከቆመ ዕድሜያቸው ቢያልፍም ይቆያሉ፣ ሌሎቹን ስምንቱንም ያለብሳሉ። ካልቆመ ጡረታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰኔ ላይ ዘይታማውን አሸዋ ጠርገን አወጣን፣ አዲስ አፈር ሞላን፣ ከአራቱ በቀር ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጥን ተከልን። በሦስተኛው ሳምንት ያዘ! ጋሽ ሁመድ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብለው እየተቀመጡ አዲስ ያወጣውን ቅጠል ይቆጥሩ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከታጁራ ስልክ የተደወለው። ሚስታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት እጄን ያዙኝ። «ጀማል፣ ሣሩን ለአንተ ነው የምተወው።»

«በአላህ ይሁንብዎ፣ አያስቡ።»

«አላስብም» አሉና ሄዱ። ሰው እንዲህ ሲያምንህ ደረትህ ይነፋል። የእኔም ተነፋ።

የዚያ ዓመት ረመዳን በክረምቱ መሐል ነው የወደቀው። የጅቡቲን ሐምሌ በጾም ያላሳለፈ ሰው አይገባውም። ከንጋት እስከ ማታ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ እሳት ላይ መዋል ነው። ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው ሥራ የምገባው፤ ከማፍጠሪያ በፊት እወጣለሁ። ስለዚህ ፓምፑን ሳስነሳ ሁልጊዜ ጾመኛ ነኝ። ውሃውን ልቅመስ? ብተፋውስ፣ ጠብታ ብትወርድስ? ጾሜን እንዳላበላሽ ፈራሁ። ደግሞ ኮራሁም፤ የእኔ ጾም እንዲህ ጥብቅ ነው ብዬ። አሥር ቀን ሳልቀምስ አለፈ።

ከዚያ የሣሩ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀመረ።

አሁን ሳስበው ራሴን ልመታ ይቃጣኛል። እኔ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል፣ በቀን ሕልሜ የማየው ውሃ ብቻ ነው። ሣሩን አየሁትና አንጀቴን በላው። የጠማው መሰለኝ! «አንተስ ምን አደረግህ፣ አንተን ማን ጹም አለህ» አልኩት፤ በድምፅ ነው ያልኩት። ፓምፑን ሁለት ሰዓት አስነሳሁት። በነጋታው የባሰ ቢጫ ሆነ። ሦስት ሰዓት አደረግሁት።

ብርቄ የሙሴ አለንን ቪላ የምትጠብቅ የወሎ ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ ሲሄድ እሷ ብቻዋን ቀርታ መጋረጃና ፎጣውን ሁሉ ታጥባለች። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ጠራችኝ።

«ጀማል፣ ይሄ ውሃ ሳሙና እምቢ አለኝ።»

«ሳሙናውን ቀይሪዋ!»

«ሦስተኛ ዓይነት ነው። ፎጣው ደግሞ ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይቆማል። እስቲ ቅመሰው።»

«አንቺ ደግሞ! ጾመኛ ሰው ውሃ ቅመስ ይባላል?»

«እንግዲያው እኔ ልቅመስልህ» አለችና ከባልዲው በእጇ ቀድታ ጎንጨት አደረገች። ፊቷን አኮማተረች። «ጨው ጨው ይላል።»

«የጅቡቲ ውሃ መች ጨው ጨው ሳይል ቀርቶ ያውቃል?» አልኳት። ሳቅኩም። እሷ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ስንት ነገር ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ ሰው መልሱን በእጁ ይዞልኝ ሲመጣ ቀለድኩበት።

ጋሽ ሁመድ ከኢድ በኋላ ተመለሱ። ሣሩ ያኔ ገለባ ሆኗል። ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ዘጠነኛው ድረስ ሄዱ። ተንበረከኩ፤ ከአፈሩ ትንሽ በጣታቸው አንስተው ቀመሱና ተፉ። «አሳል» አሉ።

«ጾም ላይ ስለነበርኩ አልቀመስኩም» አልኳቸው።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሠላሳ ረመዳን እዚህ ሠርቻለሁ» አሉ። «ማታ ስወጣ አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ቤት እወስዳለሁ። ካፈጠርኩ በኋላ እቀምሰዋለሁ።»

አንድ ጠርሙስ! ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ሁሉን ጠይቄያቸው እሱን አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም ይጠፋዋል ብለው አላሰቡም።

ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ለሙሴው አንተ ንገረው። እኔ አልናገርም፤ የአንተ ነው» አሉኝ።

ሙሴ አለን መስከረም መጨረሻ ላይ ሲመለስ ቢሮው ጠራኝ። «ምን ሆነ?» አለ። አፌን ከፈትኩ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ ዋራበሌ ሰፈር አዲስ ቤት ተከራይተን ነበር፤ ብባረር ወዴት እንደምገባ አላውቅም። «ሙቀቱ ነው፣ ሙሴ» አልኩ። «ሣሩ አልቻለውም።» እሱም የጠበቀው ይህንኑ ስለነበር አልተጠራጠረም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሁመድ ወረቀታቸውን ፈርመው ወጡ። ባልደረቦቹ «የሁመድ የግመል ቀለብ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔ የሜዳው ኃላፊ ሆንኩ። ጋሽ ሁመድ ሲሰናበቱኝ «ነገርከው?» ብለው አልጠየቁኝም። እንደነገርኩት ነው የገመቱት። በሚቀጥለው ጀልባ ታጁራ ገቡ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ አልልም፤ እተኛ ነበር። ግን ከመጋዘኑ ጀርባ ባለፍኩ ቁጥር የቀሩትን አራት ጣሳዎች አያለሁ። ሣራቸው እንደ ጉድ ይበቅላል! ለምን እነዚህ ኖሩ? ማን ነው የሚያጠጣቸው? ጠብቄ አየሁ። ብርቄ ናት፤ በማሰሮ ውሃ ይዛ መጣች።

«ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከቤቱ ማቀዝቀዣ፣ ከኤሲው የሚንጠባጠበው ነዋ። ባልዲ ሥሩ አድርጌ ነው። ሳሙናው እምቢ ካለኝ ወዲህ ልብሱንም በሱ ነው የማጥበው፤ አረፋውን ብታየው!»

ቀመስኩት። ምንም ጣዕም የለውም፤ ንጹሕ ነው። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው፤ ክለቡ ቢዘጋም ዕቃው እንዳይሻግት ኤሲው አይጠፋም፣ ሌት ተቀን ያነባል። የክለቡን ዘጠኝ ኤሲ ቆጠርኩ፣ ባልዲ አሰለፍኩ፣ በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚወጣ ለካሁ። ለአንድ ግሪን ችግኝ ይበቃል! ስለ አፈሩም ቆፍሬ አየሁ፤ እንዳሉኝ። ከታች ጠጠርና አሸዋ ካልተነጠፈ ጨዉ መውረጃ የለውም፤ ተኝቶ ይከማቻል። ያንንም እኛ ሳናደርገው ነበር የቀረነው።

የቀረው ሙሴ አለንን ማሳመን ነበር። ያው ሣር እንደሆነ ብነግረው አይፈቅድም፤ ለምን እንደሞተም መናገር አለብኝ። ስለዚህ «ሌላ ዓይነት ሣር አግኝቻለሁ» አልኩት። ሁለተኛ ውሸት። የመጀመሪያው ብቻውን መቆም አልቻለም ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ጠጠር አነጠፍኩ፣ ሣሩን አባዝቼ ተከልኩ፣ የኤሲ ውሃ እየቀዳሁ አጠጣሁ። ሥር ከሰደደ በኋላ ቀስ እያልኩ የጉድጓዱን ውሃ አለማመድኩት። ረመዳን ሲገባ ጠርሙሴን ይዤ ወደ ቤት፤ ሚስቴ «ሾርባው እያለ ጨው ውሃ የሚቀምስ ባል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሣሩ አልሞተም። የዚያው ዓመት ጥቅምት ገና ቀጭን ስለነበር ማንንም አላስረገጥኩበትም። ሌላ አንድ ክረምት አሳለፍኩለትና ሁለተኛው ጥቅምት ሲደርስ ዘጠነኛው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ።

ለጋሽ ሁመድ የጀልባ ትኬት ላክሁ። ያዩታል፣ ደስ ይላቸዋል፣ በዚያው ይታለፋል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሙሴ አለን ንግግር ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም።

ሜዳው የተከፈተ ዕለት ጠዋት ሃምሳ የሚሆን ሰው ዘጠነኛውን ከቦ ቆመ። አባላቱ አሉ፣ ከወደብና ከነፃ የንግድ ቀጠናው የመጡ እንግዶች አሉ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ፣ ብርቄም ብርጭቆ ይዛ አለች። ጋሽ ሁመድ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ሙሴ አለን በፈረንሳይኛ ጀመረ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ወዳጃችን ሁመድ እዚህ ሣር ሞክሮ ነበር። ልቡ ጥሩ ነበር፤ ሣሩ ግን የዚህን አገር ሙቀት አልቻለም። ጀማል ግን የሚችለውን ፈልጎ አመጣልን!»

ተጨበጨበ። አንዳንዱ ወደ ጋሽ ሁመድ ዞሮ እንደ ማጽናናት ፈገግ አለ። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፣ አንድ ቅጠል ቆረጡ፣ አኘኩት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጀማል፣ ይሄን ሣር ከየት አመጣኸው?» በአማርኛ ነው፤ ቀስ ብለው።

«ከመጋዘኑ ጀርባ።»

«ከማን ጣሳ?»

«ከእርስዎ።»

«ታዲያ የፊተኛውን ምን ገደለው?»

«እኔ።»

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉ። «እኔማ በምላሴ አውቄዋለሁ። ለእነሱ ንገር እንጂ።»

ሙሴ አለን «ምን ይላል?» አለኝ እየሳቀ። በፈረንሳይኛ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ነገርኩት። ይሄ ሣር የሁመድ ሣር ነው፤ የፊተኛውም ይኸው ነበር። ሙቀት አልገደለውም። ውሃው ጨው ሲሆን ሳልቀምስ አጠጥቼ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም ዋሸሁህ። የሙሴ አለን ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላ ያሉት ግን ምስጋና መስሏቸው ያጨበጭቡ ነበር።

ጋሽ ሁመድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

«ጮክ ብለህ ድገመው» አሉኝ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገምኩት።